ሁለት ክሮቸራ ለአንድ ትንሽ ሎኮሞቲቭ
እ.ኤ.አ. በ1909 በባልድዊን ፋብሪካ የተሠራው «ስኩከም» በአሜሪካዋ ዋሽንግተን ግዛት ግንድ ይጎትት የነበረ የማሌ ሎኮሞቲቭ ነው። በአንድ ቦይለር ሥር ሁለት የመንኮራኩር ክፍሎች አሉት፤ የኋለኛው ከቦይለሩ ጋር የታሰረ ሲሆን የፊተኛው በመታጠፊያ ላይ ወደ ግራና ቀኝ ይዞራል። እንፋሎቱ በቅድሚያ በኋለኞቹ ሲሊንደሮች ይሠራል፤ በተንቀሳቃሹ ቧንቧ የሚያልፈው ግፊቱ ከቀነሰ በኋላ ነው። ድንቅ ብልሃት!

በ1፡87 ልኬት ሞዴሉን ለሚሠራ ሰው ግን ችግሩ ሌላ ነው፤ የኤሌክትሪክ ሞተሩን ኃይል ወደሚዞረው ክፍል የሚያደርሰው ዘንግ መታጠፍ አለበት። አንድ ክሮቸራ ብቻ በ20 ዲግሪ ሲታጠፍ፣ ሞተሩ በእኩል ፍጥነት ቢሽከረከርም የሚወጣው ፍጥነት በየዙሩ ሁለት ጊዜ በ6 በመቶ ገደማ ከፍና ዝቅ ይላል፤ ሎኮሞቲቩም ይንገጫገጫል። ሁለተኛ ክሮቸራ በእኩል ማዕዘን ቢገጠም የአንዱን መዛባት ሌላው ያጠፋዋል። የመካከለኛው ዘንግ ሹካዎች ግን በአንድ ጠለል ላይ ይሰለፉ፤ በ90 ዲግሪ ቢዛነፉ መዛባቱ እጥፍ ገደማ ይሆናል።