ያውቁ ኖሯል? ፒስተን የሌለው ሞተር “ፋሻ”
የማዝዳ አርኤክስ-7 መኪና ሞተር ፒስተን የለውም፤ ሦስት ማዕዘን ያላቸው 2 ሮተሮች ይሽከረከሩበታል። የፒስተን ፋሻን (ቀለበትን) ሥራ የሚሠሩት በየማዕዘኑ ቦይ ውስጥ የተሰኩ ቀጫጭን የብረት ማሸጊያዎች ሲሆኑ፣ ከበታቻቸው ያለ ስፕሪንግ ወደ ውጭ ይገፋቸዋል። እነሱን ለማለስለስ ሞተሩ ሆን ብሎ ጥቂት ዘይት ያቃጥላል። ጣጣውም ከዚያው ይመጣል፦ ጥላሸቱ ቦዩን ይሞላና ማሸጊያውን ቀርቅሮ ይይዘዋል፤ ኮምፕሬሽን ይወርዳል፣ ሞተሩም አልነሣ ይላል። ሲፈታ ካቻቢቴ ሰክቶ መፈልቀቅ ያጓጓል፤ ቦዩ ከተጎዳ ግን ሮተሩ ራሱ አበቃለት። ጥላሸት በሚያሟሟ ፈሳሽ ዘፍዝፎ ማሳደር፣ ከዚያ በእንጨት ቀስ እያሉ መታ መታ ማድረግ ይሻላል። ማሸጊያው ቢሰበር ይሰበር፤ ከሮተሩ እሱ ይረክሳል።