የሞባይል ኔትወርክ በሚደክምበት ቦታ መልእክት ለማስተላለፍ የሚረዱ ቀላል ዘዴዎች
(ለሁርሶና ለአካባቢዋ የልማት ሠራተኞችና የኅብረት ሥራ ማኅበራት)

የበረሃ አንበጣ በሚነሣበት ጊዜ መድኃኒትና መርጫ የቱንም ያህል ቢዘጋጅ፣ መንጋው ያደረበት ቦታ በጊዜ ካልታወቀ ጥቅም አይሰጥም። መንጋው በአንድ ቀን እስከ 150 ኪሎ ሜትር ሊጓዝ ይችላል። ሲመሽ ዛፍና ቁጥቋጦ ላይ ያርፍና ጧት ፀሐይ ሞቅ ስትል ይነሣል። ርጭት የሚመቸው ሳይነሣ በፊት ስለሆነ፣ ማምሻውን ያልተላከ ወሬ የርጭቱን ቡድን በማግሥቱ አንበጣው ጥሎት ከሄደ ማሳ ላይ ያደርሰዋል። አንድ ካሬ ኪሎ ሜትር የሚሸፍን መንጋ በቀን የ35,000 ሰው ቀለብ ያህል እንደሚበላ ሲታሰብ የአንዲት አጭር መልእክት ዋጋ ቀላል አይደለም። በ2012 ዓ.ም. ምሥራቁን የአገራችንን ክፍል ያጠቃው ወረራ ይህን አሳይቷል።

ሁርሶ ከድሬዳዋ በስተምዕራብ፣ በቀድሞው የምድር ባቡር መስመር ላይ ያለች ቆላ ናት። በስተደቡብ የሐረርጌ ደጋ ተራሮች ቆመዋል፤ በስተሰሜን ሜዳው ይዘረጋል። ተራራ ለኔትወርክ ሞገድ ጥላ ይጥላል። ስለዚህ ከገደል ሥር ያለ ማሳ ኔትወርክ ሲያጣ ከዚያው ጥቂት መቶ ሜትር ወደ ሜዳው የወጣ ሰው ሊያገኝ ይችላል።

ሞባይል የሚሠራው ከማማው በሚመጣ ሞገድ ነው። የሞገዱ ርዝመት በ900 ሜጋኸርዝ 33 ሳንቲ ሜትር፣ በ1800 ሜጋኸርዝ 17 ሳንቲ ሜትር ያህል ነው። ሞገዱ ከግድግዳ፣ ከድንጋይና ከቆርቆሮ እየነጠረ እርስ በርሱ ስለሚጋጭ በአንድ ክፍል ውስጥ እንኳ አንዱ ቦታ ደካማ፣ አንድ ስንዝር ራቅ ያለው ቦታ ደህና ሊሆን ይችላል። «ኔትወርክ የለም» ብሎ ከመተው በፊት ስልኩን በስንዝር በስንዝር ማንቀሳቀስ የሚገባውም ለዚህ ነው። የቆርቆሮ ቤት ውስጥ ከመድከም ግን ወደ ደጅ መውጣት ይሻላል፤ ቆርቆሮ ሞገድ አያሳልፍም። ስልኩን በእጅ አፍኖ መያዝም ያዳክመዋል።

ማማው ያለበትን አቅጣጫ ለማወቅ መሣሪያ አያስፈልግም። ስልኩን ደረት ላይ አስጠግቶ በቀስታ ዙሪያውን መዞር ነው። የሰው ገላ ሞገድ ስለሚያግድ ኔትወርኩ ከሁሉ በደከመ ጊዜ ማማው ከጀርባ በኩል አለ ማለት ነው። በብዙ ስልኮች ቅንብር ውስጥ የኃይሉ መጠን በዲቢኤም ተጽፎ ይገኛል። ቁጥሩ ከዜሮ በታች ስለሆነ −75 ጥሩ፣ −110 ደካማ ነው፤ የ10 ልዩነት የአሥር እጥፍ ልዩነት መሆኑም መታወቅ አለበት። በስልኩ ላይ የሚታዩት ዘንጎች ከዚህ ቁጥር ጋር ሲነጻጸሩ ብዙም የሚያምኗቸው አይደሉም።

አቅጣጫው ከታወቀ በኋላ ሞገዱን በሳህን ማሰባሰብ ይቻላል። አገልግሎቱ ያበቃ የቴሌቪዥን ዲሽ ካለ ስልኩን የዲሹ ራስ በነበረበት ቦታ ማሰር ብቻ ይበቃል። ዲሽ ከሌለ ከእንጨትና ከቀጭን ብረት እንደ ሳህን ጎድጎድ ያለ ቅርጽ ሠርቶ በሽቦ መረብ መሸፈን ነው። ስልኩ የሚቀመጥበት ርቀት በቀላል ሒሳብ ይገኛል፤ የሳህኑን ወርድ በራሱ ማባዛት፣ ከዚያ ለጥልቀቱ 16 እጥፍ ማካፈል። ወርዱ 80፣ ጥልቀቱ 10 ሳንቲ ሜትር ቢሆን 6,400 ለ160 ሲካፈል 40 ይሆናል። ስለዚህ ስልኩ ከሳህኑ መሐል 40 ሳንቲ ሜትር ፊት ለፊት ይሰቀላል ማለት ነው። ይህ ሒሳብ ራሱ መሐል ላይ ላልሆነ፣ በጎን ለተሠራ ዲሽ አያገለግልም። ሳህኑ ከሞገዱ ርዝመት ሁለት ሦስት እጥፍ ካልሰፋ ጥቅሙ ጥቂት ስለሆነ ሰፌድን በፎይል መለበጥ ልፋት ብቻ ነው።

እዚህ ላይ በሁርሶ ፀሐይ ልዩ ጥንቃቄ ያስፈልጋል። በፎይል ወይም በሚያብለጨልጭ ቆርቆሮ የተለበጠ ሳህን ሞገድን ብቻ ሳይሆን ፀሐይንም አንድ ቦታ ላይ ይሰበስባል፤ በፀሐይ ምግብ የሚበስልበት ምድጃ አሠራሩ ይኸው ነው። ስልኩ ይቀልጣል፣ ባትሪውም እሳት ሊይዝ ይችላል። ስለዚህ የሽቦ መረብ እንመርጣለን። ቀዳዳው ከአንድ ሳንቲ ሜትር ተኩል የማይበልጥ ከሆነ ለሞገዱ እንደ ሙሉ ቆርቆሮ ነው፤ ፀሐይንና ነፋስን ግን ያሳልፋል። የሚያብለጨልጭ ዲሽ ብቻ ከተገኘ በጭቃ ወይም በማያንጸባርቅ ቀለም መቀባት ነው። ስልኩንም በቀጭን ጨርቅ ከፀሐይ መጋረድ ይጠቅማል።

የተሰቀለ ስልክ ጆሮ ላይ አይያዝም። በድምፅ ማጉያው መነጋገር ወይም ሆትስፖቱን ከፍቶ በሌላ ስልክ መላክ ይቻላል። ከንግግር ይልቅ አጭር መልእክት በደካማ ኔትወርክም ያልፋል። የቦታ መገኛ ቁጥር (ጂፒኤስ) ከሳተላይት ስለሚመጣ ኔትወርክ ጨርሶ በሌለበትም ይሠራል፤ አንበጣው ባረፈበት ቦታ ቁጥሩን ጽፎ ይዞ ኔትወርክ ወዳለበት ሲወጡ መላክ ነው። በ2006 ዓ.ም. ሥራ የጀመረው 8028 የግብርና መረጃ መስመር ግን የተቀዳ ድምፅ የሚሰማበት ስለሆነ የማይቆራረጥ ኔትወርክ ይፈልጋል። በድሬዳዋ ከነሐሴ 2014 ዓ.ም. ጀምሮ ሳፋሪኮም ኢትዮጵያም አገልግሎት መስጠት ስለ ጀመረ፣ የሁለቱንም ድርጅት ሲም መያዝና በየቦታው የቱ እንደሚሻል መመዝገብ ከሳህን መሥራት ይቀድማል።

በባትሪው ሥር የሚለጠፍ ወረቀት ምንም አይሠራም። ስልክን በፎይል መጠቅለል ደግሞ ያለውንም ኔትወርክ ያጠፋል። ከገበያ የሚገዛ ማጉያ ሞገድ ስለሚያመነጭ የሌሎችን መስመር ሊያውክ ይችላል። በአዋጅ ቁጥር 1148/2011 የተቋቋመው የኮሙኒኬሽን ባለሥልጣን ሳይፈቅድ መተከል የለበትም። ሽቦ ሳህኑ ሞገድ አያመነጭም፤ ያለውን ያሰባስባል እንጂ ጨርሶ በሌለበትም አይፈጥርም።

ኅብረት ሥራ ማኅበሩ ሳህኑን ከመጋዘኑ ደጅ፣ ከኤሌክትሪክ ምሰሶና ከሽቦ ርቆ ቢተክለውና የማማውን አቅጣጫ በድንጋይ ምልክት ቢያደርግበት፣ ሌሊት የመጣ ሰው ሳይፈልግ ያገኘዋል። ደመና ሲያጉረመርም ግን ስልኩ ይወርዳል፣ ሰውም ከሥሩ ይርቃል።