በማለዳ ባንዲራ የሚተክሉ ልጆች

ገንዘብ የሚያስፈልገው ሰው ሁለት መንገድ አለው፤ አንዱ መለመን ነው፥ ሁለተኛውም ሠርቶ ዋጋውን መቀበል ነው። በአሜሪካ አገር ያሉ የስካውት ልጆች ሁለተኛውን መንገድ እንዴት እንደ ያዙ እነሆ እንነግራችኋለን።

ስካውት ማለት ልጆች በጭፍራ ሆነው በድንኳን ማደርን፥ ሰውን መርዳትንና በቃል መጽናትን የሚማሩበት ማኅበር ነው። ቤደን ፖል የሚባል የእንግሊዝ መኰንን በፈረንጆች አቈጣጠር በ1907 ዓመት ጀመረው፤ የአሜሪካውም ማኅበር በ1910 ተመሠረተ። ለድንኳን መግዣና ለጕዞ ገንዘብ ያሻል። ስለዚህ በብዙ ከተሞች ልጆቹ በየሰፈራቸው እየዞሩ፥ «በዓመት አንድ ጊዜ ብትከፍሉን፥ በታላላቅ በዓላት በደጃችሁ ባንዲራ እንተክላለን፤ ማታም እንሰበስባለን» ብለው ከባለቤቶቹ ጋር ይዋዋላሉ። ባለቤቱም ሲስማማ በሣሩ ዳር አጭር ቧንቧ በመሬት ይቀበራል፤ የባንዲራው ዘንግ በዚያ ይሰካል።

ከበዓላቱ አንዱ በሜይ ወር መጨረሻ ሰኞ የሚውለው፥ በጦርነት የሞቱ ወታደሮች የሚታሰቡበት ቀን ነው። ሌሎቹም በጁላይ 4 ቀን የሚከበረው የነጻነት በዓልና በኖቬምበር 11 ቀን የሚውለው የቀድሞ ወታደሮች መታሰቢያ ናቸው።

በእነዚህ ቀኖች ልጆቹ ሰፈሩ ሳይነቃ ይነሣሉ። ወላጆች መኪና ይነዳሉ፤ ልጆቹም የቤቶቹን ዝርዝር ይዘው ባንዲራውን በየደጁ ይሰካሉ። የአገሩ ምክር ቤት በሕግ እንዳጸናው ሥርዓት፥ ባንዲራ መሬት ሊነካ አይገባም፤ ልማዱም ከፀሐይ መውጣት እስከ መጥለቅ መሰቀል ነው፤ ሌሊት የሚሰነብት ከሆነ ግን መብራት ይበራለታል። አርጅቶ የተቀደደውንም በክብር ያቃጥሉታል እንጂ በቆሻሻ ላይ አይጥሉትም።

ልጆች ሆይ፥ የዚህ ሥራ ከባዱ ነገር ዘንጉን መሸከም አይደለም። ገንዘቡ አስቀድሞ ተከፍሏል፤ ሥራው ግን ገና ወደ ፊት ነው። ውሉን የተዋዋሉት ፀሐይ ሞቆ ሳለ ነበር፤ የሚፈጽሙት ግን በኖቬምበር ብርድ፥ ሰው ሁሉ ተኝቶ ሳለ ነው። በጁላይም ማታ፥ ጓደኞቻቸው ርችት ለማየት ሲሮጡ፥ እነርሱ ባንዲራ ይሰበስባሉ።

ምናልባት አንዱ ልጅ፥ «ቤቱ ብዙ ነው፤ አንዱ ቢቀር ማን ያውቃል?» ይል ይሆናል። ነገር ግን በዚያች በቀረችው ቤት ልጇ በጦርነት የሞተባት እናት ትኖር ይሆናል። በመታሰቢያው ቀን ማለዳ መስኮቷን ስትከፍት የጎረቤቶቿ ደጅ ሁሉ አጊጦ የእርሷ ብቻ ባዶ ቢሆን፥ ልጇ የተረሳ ይመስላታል። የከፈለችውን ገንዘብ መመለስ ይቻላል፤ ያን ማለዳ ግን ማንም ሊመልስላት አይችልም።

እንግዲህ ዋጋን አስቀድሞ መቀበል ዕዳ መግባት እንደ ሆነ ዕወቁ። ለማኝ ከተቀበለ በኋላ አመስግኖ ይሄዳል፤ ሠራተኛ ግን ከተቀበለ በኋላ ሥራው ይጀምራል። ማንም በማያየው ሰዓት ቃሉን የሚፈጽም ልጅ፥ እርሱ በእውነት የታመነ ነው።