ስለ ጠፍጣፋ ጣራ አመራረጥና አጠባበቅ

በትግራይ ደጋ የሚሠራው ሕድሞ ጣራው ጠፍጣፋ ነው፤ በእንጨት ርብራብ ላይ አፈር ይደለደልበታል። በዚያ አገር ዝናሙ ብዙ ወራት ስለማይቆይ፥ ባለቤቱም አፈሩን እየጠቀጠቀ ስለሚያድሰው ቤቱ ለልጅ ልጅ ይተርፋል።

በአዲስ አበባ ግን ክረምቱ ብርቱ ነውና የሲሚንቶ ጠፍጣፋ ጣራ የመረጠ ሰው ሁለት ነገር ሊያስተውል ይገባዋል። አንደኛ፥ ጣራው በየ1 ሜትሩ ቢያንስ 2 ሳንቲሜትር ወደ ውሃ መውረጃው ያዘንብል። ሁለተኛ፥ ሰኔ ሳይገባ አሸንዳው ይጠረግ፤ ስንጥቁም በሬንጅ ይደፈን።

የተኛ ውሃ ድምፅ የለውም። ወደ ውስጥ ሰርጎ ብረቱን ያዝገዋል፤ የዛገውም ብረት አብጦ ሲሚንቶውን ይፈነቅለዋል፤ ፍንካቹም ከሥር በተኙት ልጆች ላይ ሊወድቅ ይችላል። ስለዚህ አባወራ ሁሉ ጣራው ሳያፈስ አስቀድሞ መሰላሉን እንዲያነሣ እናሳስባለን።