ጨጓራ ካስቀነሱ በኋላ የጾም ምግብ

ሰሞኑን አንዲት እህት «ዶክተር፣ ጨጓራዬን ካስቀነስኩ ሦስት ሳምንቴ ነው፤ ጾም ደርሷል፣ ሽሮዬን ልብላ?» አለችኝ።

ትበያለሽ፣ ግን እንደ ድሮው አይደለም። ስሊቭ በሚባለው ቀዶ ጥገና አብዛኛው ጨጓራ ተቆርጦ ይወጣል፤ የሚቀረው ቀጭን ቱቦ ነው። ስለዚህ መጀመሪያ ፈሳሽ፣ ቀጥሎ የላመ፣ ከዚያ ለስላሳ ምግብ እየተባለ እስከ 8 ሳምንት ሊወስድ ይችላል። በላመው ጊዜ ቀጠን ያለ፣ በርበሬና ዘይት ያልበዛበት ሽሮ ጥሩ ነው። እንጀራ ይቆይ፤ ቦታውን ይይዝና ፕሮቲኑ ሳይገባ ትጠግባላችሁ።

ዋናው ጣጣ እሱ ፕሮቲን ነው። በቀን ቢያንስ 60 ግራም ያስፈልጋል። ግማሽ ኩባያ የበሰለ ምስር 9 ግራም ገደማ ነው ያለው፤ ሒሳቡን ሥሩት! የአኩሪ አተር ወተት ወይም ከዕፅዋት የተሠራ የፕሮቲን ዱቄት መጨመር ግድ ይላል።

ቢ12 ደግሞ ከዕፅዋት አይገኝም፣ ያነሰው ጨጓራም በደንብ እንዲመጠጥ አያግዝም። ኪኒኑ ወይም መርፌው ዕድሜ ልክ ነው።

እስከ 9 ሰዓት ያለ ውሃ መዋልስ? በመጀመሪያዎቹ ወራት በፍጹም! አሁን ውሃ ጭልጥ አይደረግም፤ ቀኑን ሙሉ በጥቂት በጥቂቱ፣ ከምግብ ተለይቶ ነው የሚጠጣው። የንስሐ አባታችሁን አማክሩ፤ ለታማሚ አያከብዱም።

ማስመለስ አላቆም ካለ ቫይታሚን ቢ1 ቶሎ ያልቃል፣ ነርቭና አንጎል ይጎዳል። እግር ከደነዘዘ፣ ከተንገዳገዳችሁ፣ አንዱ ነገር ሁለት ሆኖ ከታያችሁ በዚያው ቀን ሐኪም ቤት ሂዱ፤ ቀዶ ጥገና መሠራታችሁንም መጀመሪያ ተናገሩ።