የእጅ ቦርሳ ዘለበትና ሰንሰለት ቀለም ስለ መለወጥ

በታወቁት የፈረንሳይና የኢጣሊያ ቤቶች የተሠራ የእጅ ቦርሳ ዋጋው ከፍ ያለ ስለሆነ፣ ባለቤቱ በየዓመቱ የሚለውጠው ዕቃ አይደለም። ስለዚህም ቆዳው ደኅና ሆኖ ሳለ የዘለበቱና የሰንሰለቱ መልክ ሲደበዝዝ፣ ወይም ባለቤቲቱ የወርቅ መልክ ያለውን ትታ የብር መልክ ያለውን ስትመርጥ፣ ቦርሳዋን ይዛ ወደ ሱቅ በመምጣት «ይህን ቀለም ልትለውጡልኝ ትችላላችሁን?» ብላ መጠየቋ የተለመደ ነው። ባለሱቁ መልሱን በችኮላ ከሰጠ ከሁለት አንዱ ጉዳት ያገኘዋል። «አይቻልም» ቢል ሊሠራ የሚችል ሥራ ያመልጠዋል፤ ሳይመረምር «ይቻላል» ቢል ደግሞ የሰውን ውድ ንብረት አበላሽቶ ባለዕዳ ይሆናል። ስለዚህ የነገሩን ሥረ መሠረት ማወቅ ለባለሱቅም፣ ለአስመጪም፣ ለላኪም የሚጠቅም መሆኑን በማመን ይህችን ሐተታ አቅርበናል።

ቀለሙ ስስ ልባስ ነው

በመጀመሪያ መታወቅ ያለበት፣ በቦርሳ ላይ የሚታየው ወርቃማ ወይም ብርማ መልክ በአብዛኛው የውስጡ ብረት የራሱ መልክ አለመሆኑ ነው። ከሥር ያለው አካል ብዙውን ጊዜ ናስ፣ ማለት የመዳብና የዚንክ ቅይጥ፣ ወይም ዛማክ የሚባለው ቅይጥ ነው። ዛማክ ስሙን ያገኘው ዚንክ፣ አሉሚኒየም፣ ማግኒዚየምና መዳብ በጀርመንኛ ከሚጠሩባቸው ቃላት መነሻ ፊደላት ነው። ናስ ጠንካራና ዋጋው ከፍ ያለ ሲሆን፣ ዛማክ ግን በዝቅተኛ ሙቀት ቀልጦ በቅርጽ ማውጫ ውስጥ በቀላሉ ስለሚፈስ በርካሽ ይሠራል። በዚህ አካል ላይ ወርቅ፣ ፓላዲየም፣ ኒኬል ወይም ሌላ ማዕድን በስሱ ይለበጣል። ለምሳሌ ኤርሜስ የተባለው የፓሪስ ቤት በአውሮፓ አቆጣጠር በ1984 ዓ.ም. ያወጣው ቢርኪን የተሰኘው ቦርሳ ዘለበቱና መቆለፊያው በተለይ በወርቅ ወይም በፓላዲየም ተለብጦ ይሸጣል።

ሳይለበጥ የሚቀር ናስም አለ። እንዲህ ያለው ናስ ሲጠቁር ቀለም መለወጥ አያስፈልገውም፤ በደንብ ቢወለወል የቀድሞ መልኩ ይመለሳል። ስለዚህ ባለሱቁ ማናቸውንም ነገር ከመናገሩ በፊት የመጣለት ዕቃ የተለበጠ መሆን አለመሆኑን መለየት አለበት።

በኤሌክትሪክ ኃይል መለበጥ አዲስ ጥበብ አይደለም። ኢጣሊያዊው ሉዊጂ ብሩኛቴሊ በ1805 ዓ.ም. በዚህ ዘዴ በወርቅ ለብጦ አሳይቷል፤ በ1840 ዓ.ም. ደግሞ በእንግሊዝ አገር በበርሚንግሃም ከተማ የኤልኪንግተን ቤት የፈጠራ መብት አግኝቶ ሥራውን ወደ ፋብሪካ አሸጋገረው። ዘዴው በአጭሩ ይህ ነው፤ የሚለበጠው ዕቃ የወርቅ ጨው በሟሟበት ፈሳሽ ውስጥ ተነክሮ ከኤሌክትሪኩ አሉታዊ ሽቦ ጋር ይያያዛል፤ ኤሌክትሪኩ ሲያልፍ በፈሳሹ ውስጥ ያለው ወርቅ እየተሳበ በዕቃው ገጽ ላይ ይሰፍራል።

ውፍረቱና ዋጋው

የልባስ ውፍረት የሚለካው በማይክሮን ነው፤ 1 ማይክሮን የሚሊሜትር 1 ሺኛ ክፍል ነው። 1 ኪዩቢክ ሴንቲሜትር ወርቅ 19.3 ግራም ስለሚመዝን፣ የቦርሳው ብረታ ብረት ገጽ ተደምሮ 100 ካሬ ሴንቲሜትር ቢሆንና 1 ማይክሮን ወርቅ ቢለበጥበት፣ በላዩ የሚያርፈው ወርቅ 0.2 ግራም እንኳ አይሞላም። እንግዲህ ደንበኛው በዋናነት የሚከፍለው ለወርቁ ሳይሆን ለሠራተኛው ሙያና ድካም መሆኑን ከዚህ መረዳት ይቻላል።

ይሁን እንጂ ግማሽ ማይክሮን የተለበጠው ዕቃና 2 ማይክሮን የተለበጠው ዕቃ ሥራው ባለቀበት ቀን ለዓይን አንድ ይመስላሉ። ልዩነቱ የሚታወቀው እጅ ሲደጋግም የሚነካቸው ሥፍራዎች፣ በተለይም የመቆለፊያው ጠርዝና የሰንሰለቱ መገናኛ፣ መፋቅ ሲጀምሩ ነው። «ወርቅ ቅብ» የሚለው ቃል ብቻውን ምንም አያስረዳም፤ የማይክሮኑ ልክ በደረሰኙ ላይ መጻፍ አለበት።

ብርማ መልክ ሁልጊዜ ከወርቃማው ይረክሳል ብሎ ማሰብም ስሕተት ነው። ልባሱ ኒኬል ከሆነ በእርግጥ ርካሽ ነው። ፓላዲየም ግን በ2019 ዓ.ም. በዓለም ገበያ ከወርቅ በልጦ ነበር፤ ሮዲየም ደግሞ በ2021 ዓ.ም. ከወርቅ ከ10 እጥፍ በላይ የወጣበት ወራት ነበር። ደንበኛው «ነጭ» ሲል የትኛውን ነጭ እንደሚፈልግ መጠየቅ ይገባል።

የሥራው ቅደም ተከተል

ቆዳ በመለበጫው ፈሳሽ ውስጥ ሊገባ ከቶ አይችልም። ስለዚህ ደኅና ሥራ የሚሠራ ባለሙያ የሚከተለውን ሥርዐት ይጠብቃል።

1ኛ/ ብረቱ ሁሉ ከቦርሳው ይነቀላል፤ እያንዳንዱም ተቆጥሮ ይመዘገባል።

2ኛ/ በላዩ ያለው ቫርኒሽና አሮጌው ልባስ ይለቀቃል።

3ኛ/ ጭረቱ እስኪጠፋ ድረስ ይወለወላል። ልባስ ጭረትን አይሸፍንም፤ ይልቁንም አጉልቶ ያሳያል።

4ኛ/ ከቅባት ይታጠባል። በጣት የተነካ ሥፍራ እንኳ ልባሱ እንዲላቀቅ ሊያደርግ ስለሚችል፣ ከዚህ በኋላ ዕቃው በባዶ እጅ አይያዝም።

5ኛ/ መዳብ፣ በመዳቡም ላይ ኒኬል ወይም ሌላ መከላከያ ይለበጣል። ወርቅ በቀጥታ በመዳብ ወይም በናስ ላይ ከተለበጠ፣ መዳቡ ከጊዜ ብዛት ወደ ወርቁ እየዘለቀ ያጠቁረዋልና።

6ኛ/ በመጨረሻ የተመረጠው ቀለም ይለበጣል፤ ዕቃውም ታጥቦ ይደርቃል። የአንድ ቦርሳ ዕቃ ሁሉ በአንድ ጊዜና በአንድ ፈሳሽ መለበጥ አለበት፤ አለዚያ ዘለበቱ ደማቅ፣ ሰንሰለቱ ፈዛዛ ወርቅ ሆኖ ይገኛል።

ችግር የሚፈጠርባቸው ሥፍራዎች

ዛማክ በአሲድ በቀላሉ ይበላል። ስለሆነም አሲድ ባልሆነ ፈሳሽ ውስጥ አስቀድሞ በመዳብ መሸፈን አለበት። ከመጠን በላይ ከተወለወለ ደግሞ የላዩ ጠንካራ ገጽ ይነሣና በሥሩ ያሉት ጥቃቅን ቀዳዳዎች ይገለጣሉ፤ በዚያን ጊዜ የተለበጠው ሁሉ እየተነፋ ይነሣል።

በቡሎን ያልታሰረ ብረትም አለ። በኤርሜስ ቦርሳ ላይ ብረቱን ከቆዳው ጋር የሚያያይዙት ራሳቸው እንደ ዶቃ ተቀጥቅጠው የደበለበሉ ትናንሽ ምስማሮች ናቸው። እነዚህን ለመንቀል ማበላሸት ግድ ነው፤ መልሶ በዚያው ጥራት የሚቀጠቅጥ ባለሙያም በቀላሉ አይገኝም። ሻኔል ደግሞ በየካቲት 1955 ዓ.ም. ካወጣውና ስሙን ከዚሁ ቀን ካገኘው 2.55 ከተባለው ቦርሳ ወዲህ በሰንሰለቱ የታወቀ ሲሆን፣ ከ1980ዎቹ ወዲህ በሚሠሩት ብዙ ቦርሳዎቹ ላይ በሰንሰለቱ መካከል የቆዳ ጠፍር ተጠልፎ ያልፋል። ሰንሰለቱን ለመለበጥ ጠፍሩ አስቀድሞ መውጣት፣ በኋላም እንደ ነበረ መመለስ አለበት።

የዚፕ ጥርስ ከጨርቅ ጋር የተያያዘ ስለሆነ፣ የሚሻለው ዚፑን በሌላ መተካት ነው፤ ይህም ስፌት መፍታትን ይጠይቃል። ውስጣቸው ሽቦ ጥቅል ያለባቸው መቆለፊያዎች ሳይፈቱ ከተነከሩ፣ በውስጣቸው የቀረው ፈሳሽ ከወራት በኋላ ዝገት ሆኖ ይወጣል። ከሁሉም በላይ ግን በብረቱ ላይ የተቀረጸው የሠሪው ስም መወልወል በበዛበት ቁጥር ይደበዝዛል። የቦርሳን እውነተኛነት የሚመረምሩ ባለሙያዎች ከሚመለከቷቸው ምልክቶች አንዱ ይኸው ቅርጽ ስለሆነ፣ እውነተኛው ቦርሳ የሐሰት እንዲመስል ሊያደርገው ይችላል።

አቋራጭ መንገዶች

ብረቱን ሳይነቅሉ በሚረጭ ቀለም ወይም በጥፍር ቀለም መቀባት የሚያዋጣ የሚመስላቸው አሉ። ቀለሙ በማግስቱ ያምራል፤ እጅ በሚነካው በኩል ግን ቶሎ ይላጣል፤ ለማጽዳት የሚጨመርበት ማሟሟያም የቆዳውን ቀለም ይዞ ይወጣል። ከዚህ የሚሻለው፣ ፈሳሹ በተነከረበት ጥጥና በኤሌክትሪክ ዘንግ ሥፍራ ሥፍራውን መለበጥ ነው። ይህ ለተፋቀ ትንሽ ጠርዝ ይጠቅማል፤ ቆዳው ግን በጥንቃቄ መሸፈን አለበት፤ ልባሱም ስስ ስለሚሆን የቦርሳውን መልክ በሙሉ ለመለወጥ አይመከርም።

አንዳንድ የመለበጫ ፈሳሾች ሲያናይድ የሚባለው ብርቱ መርዝ አለባቸው፤ ሲያናይድም ከአሲድ ጋር ቢገናኝ የሚገድል ጋዝ ይወጣዋል። ስለዚህ ይህ ሥራ በሱቅ ጓዳ የሚሞከር አይደለም፤ አየር በሚገባ የሚወጣበትና ፍሳሹ የሚጣራበት ሥራ ቤት ያስፈልገዋል። ኒኬልም ለብዙ ሰዎች ቆዳ አይስማማም። በአውሮፓ ኅብረት ሕግ ከሰውነት ጋር ለረዥም ጊዜ የሚነካካ ዕቃ በ1 ካሬ ሴንቲሜትር ገጽ በሳምንት ከ0.5 ማይክሮግራም በላይ ኒኬል እንዲለቅ አይፈቀድም።

ለባለቤቱ ሌላ፣ ለሻጩ ሌላ

ለራሱ መገልገያ ቀለሙን የሚያስለውጥ ሰው በንብረቱ እንደ ወደደ ማድረግ ይችላል። ነገር ግን ብዙዎቹ ስመ ጥር ቤቶች በሌላ እጅ የተለወጠ ቦርሳ ለመጠገን ፈቃደኞች አለመሆናቸውን፣ ያገለገለ ቦርሳ የሚገዙ ነጋዴዎችም ከተለወጠው ይልቅ በቀድሞው መልኩ የቆየውን እንደሚመርጡ ሊነገረው ይገባል።

ቀለሙን ለውጦ የሚሸጥ ነጋዴ ግን ከሕግ ጋር ይገናኛል። በ2017 ዓ.ም. የወጣው የአውሮፓ ኅብረት የንግድ ምልክት ደንብ በ15ኛው አንቀጹ፣ አንድ ዕቃ ከተሸጠ በኋላ ሁኔታው ተለውጦ ወይም ተበላሽቶ እንደገና ለገበያ ሲቀርብ ባለምልክቱ መቃወም እንደሚችል ይደነግጋል። በአሜሪካም በጥር 2024 ዓ.ም. አንድ ይግባኝ ሰሚ ፍርድ ቤት፣ ገጻቸውና ክባቸው በሌላ ሠሪ ዕቃ ተተክቶ የሮሌክስን ምልክት እንደ ያዙ የተሸጡ ያገለገሉ ሰዓቶች የባለምልክቱን መብት የሚነኩ ናቸው የሚለውን የሥር ፍርድ ቤት ውሳኔ አጽንቷል። ጉዳዩ የሰዓት ቢሆንም ለቦርሳ ነጋዴም ማስጠንቀቂያ ይሆናል።

ለነጋዴዎቻችን የሚጠቅም ምክር

ባለሱቅ የሰው ቦርሳ ሲቀበል ቢያንስ እነዚህን በወረቀት ላይ ያስፍር፤ ቦርሳው ሲመጣ የተነሣው ፎቶግራፍ፣ የሚነቀሉት ዕቃዎች ቁጥር፣ የውስጡ ብረት ዓይነት፣ የሚለበጠው ማዕድንና የማይክሮኑ ልክ፣ ሳይለወጡ የሚቀሩት ክፍሎች፣ የሚተካ ዚፕ ካለ አሮጌው ለባለቤቱ የሚመለስ መሆኑ፣ እንዲሁም ሠሪው ቤት ከእንግዲህ ሊጠግንለት እንደማይችል ባለቤቱ የተረዳ መሆኑን የሚገልጽ ፊርማ። በቃል ያለ ይረሳል፣ በመጽሐፍ ያለ ይወረሳል እንደሚባለው፣ ክርክር የሚነሣው ሁልጊዜ ካልተጻፈው ነገር ነው።

ያገለገለ ቦርሳ የሚሸጥም ቀለሙ የተለወጠ መሆኑን ለገዢው ሳይጠየቅ ይንገር፤ በደረሰኙም ላይ ይጻፍ።

በአገራችን ቆዳ ቦርሳ አሠርተው ወደ ውጭ የሚልኩ ነጋዴዎች ደግሞ ዘለበትና ዚፕ ከውጭ ሲያስመጡ ጉዳዩን ከመነሻው ሊያበጁት ይችላሉ። የናሙናውን ቀለም ብቻ አይተው አይዘዙ፤ የውስጡን ብረት፣ የልባሱን ውፍረትና የኒኬሉን መመርመሪያ ወረቀት አብረው ይጠይቁ። ለአንድ ዓይነት ቦርሳ የሚያስፈልገውን ሁሉ ከአንድ ጊዜ ሥራ ያስመጡ፤ ለጥገና የሚሆን ትርፍም አብረው ይዘዙ። ቀለሙን በትእዛዙ ጊዜ በደንብ የመረጠ ነጋዴ ከተሰፋ በኋላ ለመለወጥ አይቸገርም፤ ደንበኛውም ዘለበት ሲፋቅበት ሌላ ሠራተኛ ከመፈለግ ይልቅ ተመልሶ ወደ ሻጩ ይመጣል።