ኪቦርዱ በማን እጅ ነው?

በኮልፌ ቀራንዮ ትምህርት ቤቶች የአይሲቲ ክፍል ውስጥ አንድ ኮምፒውተር ለሦስት ለአራት ተማሪ ሲዳረስ ማየት አዲስ ነገር አይደለም። አቀማመጡም አዲስ አይደለም፤ ብዙ ጊዜ ኪቦርዱ ፊት ወንድ ልጅ፣ ጎኑ ደብተር የያዘች ሴት ልጅ ይቀመጣሉ። እንዲህ ተቀመጡ ያላቸው የለም። በመዝገቡ ላይ ግን ሁሉም እኩል ተምረዋል። ኮምፒውተር በማስተማር ሥራዬ ከመዝገቡ ይልቅ የሚያሳስበኝ ኪቦርዱን የያዘው እጅ ነው። ሴት ልጆችን ወደ ፕሮግራሚንግ ለማስገባት ላይቭ ኮዲንግን የምመርጠውም መሣሪያው በማን እጅ እንዳለ፣ ሲሳሳቱስ ምን እንደሚሆን ሳይደብቅ ስለሚያሳይ ነው።

ላይቭ ኮዲንግ ኮዱ እየተጻፈ ሙዚቃው የሚሰማበት፣ ምስሉም ግድግዳ ላይ የሚንቀሳቀስበት የመድረክ ሥራ ነው። ተጫዋቿ ስክሪኗን በፕሮጀክተር ለሁሉም ትከፍታለች፤ እ.ኤ.አ. በ2004 የተመሠረተው ቶፕላፕ የተባለው የባለሙያዎች ስብስብ ከመነሻው የያዘው አቋም ስክሪን አይደበቅም የሚል ነው። ኦሊቪያ ጃክ የሠራችው፣ ምስል በኮድ የሚጻፍበት ሃይድራ በብራውዘር ይከፈታል፤ ጀማሪዋ የሞገድ መስመሮችን ጠርታ ቁጥሩን ከ10 ወደ 40 ብታሳድገው ግድግዳው ላይ ያሉት ሰፋፊ ቀለሞች ወዲያው ይቀጥናሉ። ሙዚቃው በሚጻፍበት ታይዳል ሳይክልስ ላይ ደግሞ ጊዜ የሚለካው በዑደት ነው፤ አራት ነገር ከጻፈች ዑደቱ በአራት፣ ስድስት ከጻፈች በስድስት እኩል ይከፈላል። ስለዚህ በስድስት የሚቆጠረው ችክችካችን የማንንም ፈቃድ አይጠይቅም፤ ስድስት ቦታ ከፍታ ከበሮውን የምትፈልገው ላይ ታሳርፋለች። ቅኝትም በቁጥር ይጻፋል፤ ከመነሻው ድምፅ በግማሽ ድምፅ ሲቆጠር ትዝታ ሜጀር 0፣ 2፣ 4፣ 7፣ 9 ነው፤ አንቺሆዬ 0፣ 1፣ 5፣ 6፣ 9። ማሲንቆ በፒያኖ ልክ አይቃኝም የሚል ሰው እውነቱን ነው፤ ቁጥሮቹ ግን የአሥርዮሽ ነጥብ ስለሚቀበሉ ትክክለኛውን ቦታ በጆሮ እየፈለጉ ማስተካከል ይቻላል።

በተለመደው የኮዲንግ ክፍል ስህተት ማለት መቆም ነው። ልጅቷ አንዲት ቅንፍ ስትረሳ ፕሮግራሙ አይነሳም፣ ቀይ ጽሑፍ ይወጣል፣ ጎን ያለው ልጅ «ቆይ እኔ ላሳይሽ» ብሎ ኪቦርዱን ይወስዳል። የተስተካከለው ኮድ የእሱ ሆኖ ይቀራል። ታይዳል ላይ ግን ቅንፍ የጎደለው መስመር ሲላክ መሣሪያው አይቀበለውም እንጂ ቀድሞ የሚጫወተው ዜማ አይቋረጥም። ከበሮው እየመታ ቅንፏን ትፈልጋለች፤ የሚነጥቃት ሰው ምክንያት አያገኝም። ይህችን ትንሽ የአሠራር ጉዳይ ከማንኛውም ስብከት የበለጠ ማስረጃ አድርጌ እይዛታለሁ። የላይቭ ኮዲንግ ተጫዋችና ተመራማሪ የሆነችው ጆአን አርሚቴጅም እ.ኤ.አ. በ2018 ስለ አልጎሬቭ፣ ማለትም በኮድ በሚጻፍ ሙዚቃ ስለሚጨፈርበት ድግስ፣ ባሳተመችው ጥናት የሥርዓተ ጾታን ጉዳይ ያየችው ሳይሸማቀቁ መሳሳት ከሚቻልበት ቦታ አንጻር ነው።

ተቀባብሎ መፍጠርን እኛ ከማንም አልተማርነውም። አዝማሪ ቤት የገባ ሰው «ተቀበል» ብሎ ስንኝ ያቀብላል፣ አዝማሪው በዜማ ይመልሰዋል፤ ግጥሙ የሁለቱም ነው። ሙሾ አውራጇም በለቅሶ ቤት ስንኙን እዚያው እያወጣች ለቀስተኛውን ታስከትላለች። ከዚሁ ትውፊት ግን ደስ የማይለውንም ማየት አለብን። ሴት አዝማሪ ስትዘፍን፣ ስትገጥም፣ እንግዳ ስታወድስ ኖራለች፤ ማሲንቆው ግን በአብዛኛው በወንድ፣ ብዙ ጊዜም በባሏ እጅ ቆየ። ድምፅ ስላላት መሣሪያ መነፈጓ ሳይታወቀን ቀረ። እንደ ኤስቹዋሪ ባሉ መሣሪያዎች ብዙ ሰዎች በአንድ ገጽ ላይ በአንድ ጊዜ መጻፍ ስለሚችሉ ለሴት ልጆች ብቻ በማስበው የላይቭ ኮዲንግ አውደ ጥናት ለእያንዳንዷ የራሷ መስመር ይኖራታል። ሕጉ አንድ ይሁን፦ የጓደኛዋን መስመር የምትነካው «ተቀበይ» የተባለች ብቻ ናት።

ነገ ከወንዶች ጋር ለሚሠሩ ልጆች ለሴቶች ብቻ የሚባል ክፍል መለያየት አይሆንም ወይ የሚል ጥያቄ ይነሳል። የተደባለቀው ክፍል ምን እንደሚያደርግ ከላይ ብያለሁ፤ የሴቶቹ ክፍል እጅ እስኪፈታ ድረስ ነው፤ ከዚያ ወንዶቹ ይግቡ፣ አስተማሪዎቹም ቀድመው የተማሩት ሴቶች ይሁኑ። ከዚህ የሚከብደኝ ሌላው ተቃውሞ ነው፤ በይሉኝታ ያደገችን ልጅ ስክሪን ግድግዳ ላይ ማውጣት ማሸማቀቅ ነው የሚለው። በመጀመሪያው ቀን ከሆነ እስማማለሁ፤ ፕሮጀክተሩ ይቆይ። ነገር ግን በቅኔ ቤት ተማሪው የቆጠረውን በመምህሩና በጓደኞቹ ፊት ያቀርባል፣ እዚያው ይታረማል፣ ይህም የትምህርቱ ወግ ነው። እማሆይ ገላነሽ ሐዲስ የወንዶች ተብሎ በኖረው በዚህ ቤት ተምረው የቅኔ መምህር ሆነዋል። እርማት ሲለመድ ውርደትነቱ ይቀራል።

ጨዋታ እንጀራ አይሆንም የሚሉም አሉ። በሐምሌ 2016 ዓ.ም. የተጀመረው የአምስት ሚሊዮን ኮደሮች ሥልጠና ይጠቅማል፤ ልጆቼም እንዲወስዱት እመክራለሁ። ግን እያንዳንዱ ለብቻው የሚጨርሰው የኦንላይን ትምህርት በመሆኑ ቀዩ ጽሑፍ ሲመጣ አጠገቧ ማንም የለም። እ.ኤ.አ. በ2018 በአፍሪካ ኅብረት፣ በዩኤን ውመንና በአይቲዩ አዲስ አበባ ላይ የተጀመረው የአፍሪካ ሴት ልጆች ኮዲንግ መርሐ ግብር ልጆቹን በካምፕ በአንድነት ያስተማረው በከንቱ አይደለም። ላይቭ ኮዲንግ ብቻውን ሥራ አያስቀጥርም፤ የሚያስተምረው ሉፕና ፈንክሽን ግን ሌላው ኮርስ የሚጠይቀው ያው ነው።

ኢንተርኔት ለሌለው ክፍል ሙዚቃ በኮድ የሚጻፍበት ሶኒክ ፓይ አለ፤ በነፃ ይገኛል፣ አንዴ ከተጫነ ያለ ኢንተርኔት ይሠራል፣ ራስበሪ ፓይ በተባለችው ርካሽ ኮምፒውተርም ይሄዳል። መብራት ሲጠፋ ላፕቶፕና ትንሽ ስፒከር ይበቃሉ። የከበደው የአውደ ጥናቱ ሰዓት ነው። ካራ ቆሬ ወይም አስኮ የምትገባ ልጅ በምሽት የታክሲ ሰልፍ ላይ ልትቆም አይገባም፤ ቅዳሜ ጠዋት ደግሞ የቤቱ ሥራ የሚጫነው በእሷ ላይ ነው። ስለዚህ ከትምህርት መልስ፣ ከ9 ሰዓት ተኩል እስከ 11፣ በዚያው ግቢ ይሁን። በሃይማኖቷ ምክንያት ሙዚቃ መሥራት የማትፈልግ ልጅ ካለች ምስሉን በሃይድራ ትጻፍ፤ በአንድ ገጽ ላይ የእሷ መስመር ከዜማው መስመር አያንስም።